ያላደረስኩት ቃል

ይህን ነገር ስንት ዓመት ሙሉ የምናውቀው እግዚአብሔርና እኔ ብቻ ነበርን። ለእናቴ አልነገርኩም፤ ለወንድሜ አልነገርኩም፤ ተንበርክኬ ስጸልይ እንኳ ዙሪያውን እየዞርኩ "በማወቅም ባለማወቅም የሠራሁትን" ብዬ አልፈው ነበር። ባለማወቅ! ምኑን ነው ያላወቅኩት? ዐውቄ ነው ያደረግሁት። እኛ ወንጌላውያን ዘንድ የንስሐ አባት የሚባል የለም፤ ስለዚህ ይህን የምታነብ ሰው፣ ለዛሬ አንተ ቁጭ ብለህ ስማኝ። ቶሎ ብለህም ከንፈር አትምጠጥልኝ።

ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። እኔ ቦንጋ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ፤ እሑድ እሑድ ደግሞ የጸሎት ቤታችን አስተርጓሚ። ከሌላ አካባቢ የሚመጡ ሰባኪዎች በአማርኛ ይሰብካሉ፣ እኔ አጠገባቸው ቆሜ ከገጠር ለሚመጡት ወገኖቼ ወደ ቋንቋችን ወደ ካፊኖኖ እመልሳለሁ። ደግሞም እችልበት ነበር። ሰባኪው ሲጮኽ እጮኻለሁ፣ ሲያለቅስ አለቅሳለሁ። "አንደበታችን" ይሉኝ ነበር፤ ስሰማው ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም።

እናቴ ግማሽ ጎኗ አልታዘዝ ብሏት አልጋ ላይ ከዋለች ዓመት አልፏት ነበር። የምትኖረው ከከተማው ወጣ ብሎ በወንድሜ ቤት ነው። ወንድሜ ሩቅ ቡና እርሻ ተቀጥሮ አልፎ አልፎ ብቅ ይላል። እናቴን የምታገላብጣት፣ የምታጥባት፣ በማንኪያ የምታጎርሳት የወንድሜ ሚስት ወርቅነሽ ነበረች፤ ከዋጫ ወዲያ ካለ ገጠር ተድራ የመጣች፣ አማርኛዋ ከገበያ የማያልፍ፣ ጡት የሚጠባ ልጅ ያላት ሴት። እኔስ? እኔ ሴት ልጇ፣ የአብራኳ ክፋይ? ቅዳሜ ቅዳሜ ስኳርና ሳሙና ይዤ ብቅ እልና ግንባሯን ስሜ እመለሳለሁ። "ግምገማ ላይ ነን፣ ከሥራ መቅረት አይቻልም" እል ነበር። እውነቱ ሌላ ነው። የእናቴን ሰውነት መንካት እፈራ ነበር። ሽታው ይከብደኝ ነበር። የውጭ አልጋ፣ የቤት ቀጋ የሚባለው ለእኔ ነው።

አንድ እሑድ ከሆሳዕና በኩል አንድ ሽማግሌ ወንጌላዊ መጡ። ከስብከቱ በኋላ ጸሎት የሚፈልግ ሰው አንድ በአንድ ከጸሎት ቤቱ ጀርባ ወዳለች ትንሽ ክፍል ይገባል፤ እዚያ ያለነው ሽማግሌውና እኔ ብቻ ነን። ወርቅነሽ ልጇን አዝላ ገባች። እኔን ስታይ ትንሽ አመነታች። ከዚያ መሬት መሬት እያየች በካፊኖኖ፣ "ደክሞኛል። ጉልበቴ አልቋል፤ መጸለይ እንኳ አቅቶኛል። እግዚአብሔር ጥሎኝ ይሆን?" አለች። ይህን በትክክል ተረጎምኩ።

ሽማግሌው "ቤት ውስጥ የሚያግዛት ሰው አለ ወይ? እስቲ ጠይቂያት" አሉኝ። አልጠየቅኋትም። "አለን፣ እናግዛታለን" ብዬ እኔው መለስኩ። ሰውዬው ፊቷን ትክ ብለው አዩት። ያመኑኝ አልመሰለኝም። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉ፦ "ልጄ፣ እግዚአብሔር አልጣለሽም። ነቢዩ ኤልያስም ደክሞት ልሙት ብሎ ነበር። ጌታ አልተቆጣውም፤ አስተኛው፣ አበላው፣ ደግሞ አስተኛው። አንቺም ሂጂና ተኚ። ሌላ ሰው ይተካሽ። መድከም ኃጢአት አይደለም።" ወደ እኔም ዞረው "ሁሉንም ንገሪያት" አሉኝ።

ሌላ ሰው ይተካሽ። ማን ይተካት? ከእኔ ሌላ ማን አለ? ቃሉ ጆሮዬ ገብቶ ከአፌ ሳይወጣ ያ አልጋ ታየኝ። አፌን ከፈትኩና በካፊኖኖ እንዲህ አልኳት፦ "እግዚአብሔር አልጣለሽም። እርሱን የሚጠብቁ ኃይላቸው እንደ ንስር ይታደሳል፤ ቢሮጡም አይደክሙም። የጀመርሽውን አትተዪ፤ ጸልዪ፣ ብርታቱ ይመጣልሻል።" በእግዚአብሔር ቃል ነው የዋሸሁት። ቃሉ እውነት ነው፤ በእኔ አፍ ግን ውሸት ሆነ። እኔ ነኝ ያደረግሁት፤ ሰይጣን አሳስቶኝ ነው አልልም። ሽማግሌው አሜን አሉ፤ እርሷም አሜን አለች፤ እኔም አብሬ አሜን አልኩ። ወርቅነሽ እንባዋን ጠርጋ ሄደች።

ሄዳም ሠራች። በዚያ ላይ ጾም ጨመረች። ሳምንታት አለፉ። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ለእናቴ አጥሚት ስታማስል እንቅልፍ ጣላትና ቀኝ እጇ ምድጃው ውስጥ ገባ። ጎረቤት ጩኸቷን ሰምቶ ደረሰ። እጇ ዳነ፤ ሦስቱ ጣቶቿ ግን ተጣብቀው ቀሩ። ሐኪም ቤት ስደርስ የመጀመሪያ ቃሏ "እትዬ፣ እናታችንን ማን ያጎርሳታል?" የሚል ነበር።

በማግስቱ አለቃዬ ዘንድ ገብቼ ፈቃድ ጠየቅኩ። "ምነው እስካሁን ዝም አልሽ? ዛሬውኑ ሂጂ እንጂ!" አለኝ። ሰማህ? እስከዚያ ቀን ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

እናቴን ማገላበጥ ጀመርኩ። ብዙም ሳልቆይ ወገቤ ተቆረጠ፣ እግሬ አልሸከም አለኝ። ለወርቅነሽ የነገርኳትን ቃል ለራሴ ብነግረው፣ ተንበርክኬ ብጮኽ፣ የሚመጣ ብርታት ጠፋ። አንድ ቀን የእናቴን አልጋ ጠርዝ ይዤ ሳለቅስ ወርቅነሽ እጇ በፋሻ እንደተጠቀለለ መጥታ ትከሻዬን ያዘችኝ። "እትዬ፣ ይተኙ። ጌታ አይቆጣም። እኔ በግራ እጄ አጎርሳታለሁ" አለች። ተኛሁ። ስነቃ ጉልበቴ ተመልሶ ነበር፤ ከብዙ ጊዜ በኋላም ከልቤ ጸለይኩ። የከለከልኳትን ቃል ማንም ሳይነግራት ለእኔ ሰጠችኝ። እምነቴ የታደሰው ያን ቀን ነው ብል እውነት ነው። ግን ከማን ላይ ወስጄ?

እናቴ ዐረፈች። ከዚያ ወዲህ ወርቅነሽ በየዓመቱ በጸሎት ቤታችን የምስጋና ቀን ትነሣና ትመሰክራለች። ያን እጇን ከፍ አድርጋ፣ "ጌታ በሽማግሌው አፍ አትተዪ አለኝ፤ አልተውኩም፤ ብርታቱም መጣልኝ" ትላለች። ከሌላ ቦታ ተመድበው ለመጡት ሠራተኞችና አስተማሪዎች ምስክርነቷን ወደ አማርኛ የምመልሰው እኔ ነኝ። ሕዝቡ እልል ሲል አጠገቧ ቆሜያለሁ። አንዳንዴ "እንግዲህ ውሸቴን እግዚአብሔር ለመልካም አዋለው" ብዬ ልጽናና ሞክሬያለሁ። ምን ዓይነት ድፍረት ነው ይሄ? እርሱ ለመልካም ካዋለው ምስጋናው የእርሱ ነው። የጣቶቿ ነገር ግን የእኔ ነው።

ባለፈው የምስጋና ቀን ማግስት ቤቷ ሄድኩ። ምድጃው አጠገብ ቆጮ እየጋገረች ነበር። ቁጭ ብዬ ሽማግሌው ያሏትን ሁሉ በካፊኖኖ ነገርኳት። ለምን እንዳላደረስኩላትም ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። ታለቅሳለች ብዬ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ ሳልጨምር ሳልቀንስ እተረጉመዋለሁ፦

"እትዬ፣ እንግዲያ ያን ጊዜ መተኛት ተፈቅዶልኝ ነበር?"

"አዎ" አልኳት።

ተነሣች፣ ቆጮውን እሳት ላይ እንዳለ ትታ ወደ ውስጥ ገባችና በጠራራ ፀሐይ አልጋዋ ላይ ተኛች። ይቅር አላለችኝም። እኔም ይቅር በዪኝ የምልበት አፍ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም። ቆጮውን ገለበጥኩና እስክትነቃ ድረስ እሳቱ አጠገብ ተቀመጥኩ።