እትዬ ዘቢደር ዝም ያሉበት ጠዋት

እትዬ ዘቢደርን ዝም ብለው ያያቸው ሰው አምቦ ውስጥ የለም። ማዘጋጃ ቤት መዝገብ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሲሠሩ እንኳ ፋይል የሚፈልጉት እያንጎራጎሩ ነበር። በአምቦ የድሮ ስም «ሀገረ ሕይወት» የሚል ማኅተም ያለበት የአያቱን ካርታ ፈልጎ የሄደ ባለጉዳይ፣ ከካርታው ጋር የአያቱን የሰርግ ወሬ ይዞ ነው የሚመለስ። ከጊንጪ እስከ ጉደር እሳቸው ዘፈን ያላወረዱበት ሰርግ ካለ እኔ ሰርጉን እጠራጠራለሁ። በኦሮምኛ ይጀምራሉ፣ በአማርኛ ይጨርሳሉ። አማትየዋ ፊቷን ማጨማደዷን፣ ሚዜው አዲሱ ጫማ እየጠበበው መሆኑን ሁሉ በዜማ ያወጡታል። ማንም ተቀይሟቸው አያውቅም።

አውራጅ ደግሞ ያለ ተቀባይ አይሆንም። የእሳቸው ተቀባይ ጋሮማ ነበር። ጋሮማ መናኸሪያው ጀርባ ጎሚስታ ነው፤ በከተማው ያለ ባጃጅ ጎማ በእጁ ያላለፈ የለም። ሲበዛ ዝምተኛ ነው። ሰርግ ቤት ግን እትዬ ዘቢደር ስንኙን ጥለው ትንፋሽ ሲወስዱ ቀድሞ የሚነሣው የእሱ ድምፅ ነው፤ ሌላው ሰው እሱን ይዞ ይቀበላል። አሥራ ስምንት ዓመት እንዲህ ዘለቁ።

በ2015 ዓ.ም. ኅዳር መጨረሻ ላይ ጋሮማ ከሞተር ሳይክል ወደቀና ጭንቅላቱን ተመታ። ነፍሱ ተረፈች። ዓይኑን ይገልጣል፣ ይከድናል፣ ይተነፍሳል። ሲጠሩት አይዞርም፣ እጅህን አንሣ ሲሉት አያነሣም። እኔ ሩት እባላለሁ፤ የተኛበት ሆስፒታል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። መገጣጠሚያዎቹ እንዳይደርቁ በየቀኑ አንቀሳቅሰው ነበር።

እስከ ጥር መጨረሻ ለውጥ አልታየም። የክፍሉ ሐኪም ዶክተር ዮሐንስ፣ እስከ ዓርብ ድረስ የመስማት ምልክት ካየን ለተሃድሶ ሕክምና አዲስ አበባ እንልከዋለን፣ ካላየን ግን ወደ ቤቱ ይሂድ አለ። ታላቅ ወንድሙ ኦቦ ጀቤሳ ሁለተኛውን አስቀድሞ ተቀብሎታል። ወደ ሐሮ ወንጪ፣ ወደ እኔ ቤት ልውሰደው፣ የማይሰማን ሰው ከዚህ በላይ አታንገላቱት አለን። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ሁለት ወር ወንበር ላይ እየተኛ ወገቡ ተቆርጧል። የጋሮማ ባለቤት ኤቢሴ ግን ይሰማል ብላ ሙጭጭ አለች።

እኔ ደግሞ አንድ ስልጠና ላይ የተማርኩት ነገር ነበረኝ። አንጎሉ የተጎዳ ሰው ትእዛዝ መፈጸም ስላቃተው ብቻ አይሰማም አይባልም። የሚወደውን ዘፈን፣ የማያውቀውን ዘፈን፣ ጣቢያ ያልያዘ ሬዲዮ፣ ከዚያም ጸጥታን በየተራ ታሰሚዋለሽ፤ ዓይኑን፣ ትንፋሹንና ጣቱን እያየሽ ትመዘግቢያለሽ። በአንዱ ላይ ብቻ ተለይቶ የሚደጋገም ነገር ካገኘሽ፣ ሰውየው ውስጥ አለ። ሰኞ በስልኬ ሞከርኩ። ለዘፈኑም ለጫጫታውም ፊቱ ያው ነው። ኤቢሴ አየችኝና፣ ጋሮማ ዘፈን አያዳምጥም፣ ዘፈን ይቀበላል እንጂ፤ እትዬ ዘቢደርን ጥሪያቸው አለችኝ።

ጠራኋቸው። ማክሰኞ መጡ፤ ስድስት ጎረቤት አስከትለው። አንድ ስንኝ ከማውረዳቸው ስድስቱም ተቀበሉ፣ የጎን አልጋው አስታማሚ አጨበጨበች፣ የጽዳት ሠራተኛዋ መወልወያዋን ጣለች፣ እግሩ በጄሶ የታሰረ ገበሬ በከዘራው ወለሉን ይደቃ ጀመር። ጋሮማ ዓይኑን አርገበገበ። እኔ በደስታ ላብድ ነው። ዶክተር ዮሐንስ በር ላይ ቆሞ፣ በዚህ ሁካታ የማን ዓይን አልተርገበገበም ብሎ ሄደ። እውነቱን ነው፤ እውነቱን መሆኑ ነው ያናደደኝ።

ረቡዕ ጎረቤቶቹን በር ላይ መለስኳቸውና ክፍሉን ሁሉ ለመንኩ፤ ማንም እንዳይቀበል አልኩ። እሺ አሉ። እትዬ ዘቢደር አወረዱ፣ ክፍሉ ተቀበለ። ጮህኩባቸው። ይቅርታ ጠየቁ፣ ተወረደ፣ ደግመው ተቀበሉ። ገበሬው እንዲያውም፣ የወረደ ዘፈን ሜዳ ላይ ይቅር እንዴ፣ ነውር አይደለም ወይ ብሎ ተቆጣኝ። የዚህ አገር ሰው የታመመን በዝምታ መክበብ ይችላል፤ አውራጅን ግን ሳይቀበል መተው አይችልም። የምመዘግብበትን ቅጽ ቀድጄ ጣልኩና ኮሪደር ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

እትዬ ዘቢደር ተከትለውኝ ወጡ። ያጽናኑኛል ብዬ ስጠብቅ ይሰድቡኝ ጀመር፤ አንቺ ተምረሽ እንዲህ ከሆንሽ ያልተማረው ምን ሊሆን ነው አሉኝ። ከዚያ አጠገቤ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ሁላችሁም የጋሮማን ቦታ ይዛችሁበታል። እሱ ጨዋ ሰው ነው፤ ቦታው ሲያዝበት አይጋፋም፣ ዝም ይላል። በስልክሽም ያሰማሽው ተቀባዩ አብሮ ያለበትን ነው። ባዶውን ስጪው።»

ሦስት ሳምንት ሙሉ ስልጠና ላይ ተቀምጬ ያላሰብኩትን ነገሩኝ። ተናደድኩም፣ ሳምኳቸውም።

ዓርብ ጠዋት ጋሮማን አልጋው ላይ እንዳለ እየገፋን ወደ እኔ የፊዚዮቴራፒ ክፍል ወሰድነውና በሩን ዘጋን። እትዬ ዘቢደር፣ ዶክተር ዮሐንስ፣ ኤቢሴ፣ ኦቦ ጀቤሳና እኔ ብቻ ነን። ኦቦ ጀቤሳ እንዳይቀበል ራሱን ስላላመነ የጋቢውን ጫፍ ነከሰ። መጀመሪያ ባዶ ጸጥታ፣ ቀጥሎ የሬዲዮ ጫጫታ፣ ቀጥሎ የማያውቀው ዘፈን። ምንም።

እትዬ ዘቢደር አወረዱ፤ ሙሽራ ሲወጣ የሚሉትን ነው። ስንኙን ጣሉና አፋቸውን ዘጉ። ክፍሉ ጭር አለ። ምንም የለም። ደግመው አወረዱ፣ ዝም አሉ። ምንም። በዕድሜያቸው ሙሉ አውርደው ያልተቀበላቸው ሰው ኖሮ አያውቅም፤ ራሳቸው ሊቀበሉት ጉሮሯቸው ድረስ መጥቷል። በዓይኔ ለመንኳቸው። ሦስተኛ ጊዜ አወረዱ፣ ዝም አሉ።

የጋሮማ ጉሮሮ ከፍ ዝቅ አለ። ቀጥሎ የቀኝ እጁ ሌባ ጣት አንሶላውን መታ፤ ሦስት ጊዜ፣ ልክ በመቀበያው ምት።

ዶክተር ዮሐንስ «ይደገም» አለ። ተደገመ፤ ጣቱ መታ። ዘፈኑ ሳይወርድ ያን ያህል ዝም ብለን ጠበቅን፤ ጣቱ አልተንቀሳቀሰም። የማያውቀውን ዘፈን መለስንለት፤ አልተንቀሳቀሰም። ወደ ራሱ ዘፈን ተመለስን፤ ከአምስት ስንኝ አራቱን ተቀበለ። ዶክተሩ ለረጅም ጊዜ ጻፈ። ይድናል ብዬ ቃል አልገባም፣ መስማቱን ግን በፊርማዬ እጽፋለሁ፣ ወደ አዲስ አበባም ይላካል አለ።

እልል ይባላል ብዬ ስጠብቅ ማንም እልል አላለም። ኦቦ ጀቤሳ ወለሉ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠና የወንድሙን እግር አቅፎ ሳመ። እትዬ ዘቢደር ደግሞ ተነሥተው፣ የጥርን ሰርግ ሙሉ ከማይረባ ተቀባይ ጋር አንከራተትከኝ ብለው ጋሮማን ይወቅሱት ጀመር፤ እንባቸው አገጫቸው ድረስ ወርዷል። እኔም አብሬያቸው አለቀስኩ፣ ምን ላድርግ።

ኤቢሴ ብቻ አላለቀሰችም። ሁለት ወር ሙሉ አልጋው አጠገብ ስትውል አንድ ቃል አውርታው አታውቅም፤ መልስ የማይሰጥን ሰው ማናገር በሬሳ ላይ እንደማልቀስ ይሆንብኛል ብላ እንደፈራች በኋላ ነግራኛለች። አሁን ወንበሯን ጎትታ ጆሮው ሥር አስጠጋች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ወደ እኛ ዞረች።

«ሁላችሁም ውጡልኝ። ከባለቤቴ ጋር የምንጫወተው አለን» አለች።

ዶክተሩን ጨምሮ ወጣን። እትዬ ዘቢደር በሩን ዘጉና ማንም እንዳይገባ ጀርባቸውን ሰጥተውት ቆሙ፤ አንድ ሰዓት ያህል አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ።