የጉለሌ ብርድና የአባቴ ወፍራም ዘይት

ባለፈው ቅዳሜ ዊንጌት አካባቢ የመኪናዬን ዘይት ላስቀይር ቆሜ ሳለ፣ ሠራተኛው የአዲሱን ዘይት ክዳን ከፈተና ስንት ቁጥር እንደምጠቀም ጠየቀኝ። ሳልመልስለት ሽታው ቀደመኝ። አንዲት ጠብታ በጣቴ ተቀብዬ አባቴ ያደርግ እንደነበረው በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መካከል አሸት አሸት አደረግኋት። ሠራተኛው ሳቀብኝ፤ እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ፣ የሞተር ዘይት ሲሸተኝ ሌላ ሴት ሽቶ ሲሸታት የምትሆነውን ነው የምሆነው። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ቤታችን ቀጨኔ፣ ዳገቱ ወገብ ላይ ነበር። አባቴ በዕድሜ እኔን የምትበልጥ፣ የወተት ቀለም ያላት አሮጌ መኪና ነበረችው። በብዙ ነገር ሐሳቡን የሚቀይር ለስላሳ ሰው ነበር፤ በሞተር ዘይት ጉዳይ ግን ንቅንቅ አይልም። አሮጌ ሞተር ወፍራም ዘይት ይወዳል ይላል። ቀጭን ዘይት ከሰጡት እየጠጣ ያጨሳል፣ ጎረቤት ፊትም ያዋርዳል ባይ ነው። ስለዚህ ዘይት ቤት በሄደ ቁጥር የሚገዛው ከሁሉ ወፍራሙን፣ ሃምሳ ቁጥሩን ነበር።

እውነት ለመናገር መኪናችን አታጨስም። ችግሩ አትነሳም። ሌሊቱን የእንጦጦ ብርድ ሲያድርባት ዘይቱ እንደ ማር ይረጋል፤ ጠዋት አባቴ ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ አንዴ አቃስቶ ዝም ይላል። ከበራችን እስከ ቁልቁለቱ ጫፍ ያለው መንገድ ደልዳላ ስለሆነ እስከዚያ መገፋት አለባት። ጫፉ ላይ ስትደርስ ራሷ ትንደረደራለች፣ አባቴ ማርሽ ያስገባል፣ እሷም አስነጥሳ ትነሳለች። እኔ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ከኋላ እሮጣለሁ።

እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ከፊት ወንበር ወርዳ አታውቅም። ሥራ ቦታዋ የምትደርሰው በእኛ ጉልበት ስለሆነ ግን ቦርሳዋን እንዳቀፈች "በርቱ" ትለናለች። አባቴ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" እያለ ይተርታል። እሷ ሎሚውን ትቶ ዘይቱን እንዲቀይር ትነግረዋለች። እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ።

ሃምሳ ሰው ግን አልነበርንም፤ የምንገፋው እኔና የሸማኔው ልጅ ነበርን። አባቱ ከእኛ ቀጥሎ ባለው ግቢ ይኖሩ ነበር፤ የመወርወሪያቸው ድምፅ ገና ከአልጋ ሳልወርድ ይሰማኛል። ልጁ ቴክኒክ ትምህርት ቤት የመኪና ጥገና ይማራል፤ እኔም ያኔ የኮሌጅ ተማሪ ነበርኩ። የሞተሩ ማቃሰት እንደተሰማ እጅጌውን እየጠቀለለ ከች ይላል።

በሰፈራችን ሴት ልጅ መንገድ ላይ ቆማ ከወንድ ጋር ካወራች ወሬው ከእሷ ቀድሞ ቤት ይገባ ነበር። መኪና ስትገፋ ግን ማን ምን ይላታል? መኪናው እምቢ ያለውን ሰው አይቶ ማለፍ ነውር ነው፤ ገፊውን የሚመርቀው እንጂ የሚያማው የለም። ስለዚህ ትከሻ ለትከሻ ሆነን፣ አንገታችንን ደፍተን፣ እያለከለክን እናወራለን። ስለ ፈተና፣ ስለ መምህሮቻችን፣ ስለ አባቱ ቁጣ። ከዚያች አጭር መንገድ ሌላ የምንገናኝበት ቦታ አልነበረንም። ሰው ነገ ፀሐይ እንዲወጣለት ይጸልያል፤ እኔ ማታ ተኝቼ ብርዱ እንዲጠና እጸልይ ነበር። እግዜር ይስጠው፣ ጉለሌ ብርድ አያጣም።

አንድ ሰሞን እናቴ በማርፈዷ ከአለቃዋ ጋር ተጋጨች። ያን ዕለት ማታ አባቴን ወይ ዘይቱን ወይ እኔን ምረጥ አለችው። አባቴ ተሸንፌያለሁ አይልም፤ ባለሙያ እጠይቃለሁ አለ። እሑድ ከመድኃኔዓለም ሲመለስ ኮፈኑን ከፈተና የሸማኔውን ልጅ ጠራው። የዘይት መለኪያዋን መዞ ጫፏን በጣቱ እያሸ፣ "አንተ የምትማረው ይኸንኑ አይደል?" አለው። "ወፍራሙ ይሻላል ቀጭኑ?"

እኔ ጨርቅ ይዤ ከአባቴ ጀርባ ቆሜያለሁ። ልጁ ቀና ብሎ አየኝ። መልሱን ያውቀዋል፤ መልሱ ምን እንደሚያሳጣን ደግሞ ሁለታችንም እናውቃለን። ራሴን ወዘወዝኩበት። አትንገረው ማለቴ ነው።

"ጋሼ፣ ወፍራሙ ለቆላ ነው እንጂ ለኛ ብርድ አይሆንም" አለ፣ ዓይኑን ከእኔ ነቅሎ። "ቀጠን ያለውን፣ በብርድ የማይረጋውን ያድርጉላት። ትንሽ ታጨስ ይሆናል፤ ጠዋት ግን ያለ ግፊ ትነሳለች።"

እጁን ሳስታጥበው በንዴት ውሃውን እስከ ክርኑ ለቀቅኩበት። "ጠየቁኝ እኮ" አለኝ በሹክሹክታ። "እንዴት ብዬ ልዋሻቸው?" አንጀቴ አርሮ ነበር። ግን ከማንኛውም ቀን አብልጬ የወደድኩትም ያን ቀን ነው።

አባቴ በማግስቱ ዘይቱን አስቀየረ። በሚቀጥለው ጠዋት መኪናዋ ገና ቁልፍ ሲነካት ተነሳች። እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው። የሸማኔው ልጅ እንደ ልማዱ እጅጌውን ጠቅልሎ ከግቢው ወጥቶ ነበር፤ እጁን የሚያደርግበት ጠፋው። በኋላው መስኮት ዞሬ ሳየው ቀጭን ሰማያዊ ጭስ መካከላችን ገባ።

ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ከሩቅ እጅ መነሳሳት ብቻ ሆነ። ምግብ አስጠላኝ። እናቴ ጨጓራ ነው ብላ ተልባ ታጠጣኝ ጀመር፤ እንዲህ ያለ በሽታ በተልባ የሚድን ይመስል። አባቴ አንዴ ያልነካሁትን ምግብ፣ አንዴ እኔን ያይ ነበር። ያ መንገድ ዛሬ ሰፍቶ አስፋልት ለብሷል፤ እኔ ግን ባለፍኩበት ቁጥር የማየው የሸማኔውን ልጅ በሩ ላይ ቆሞ ነው።

ግንቦት ገባ። ፀሐዩ ከማለዳው ጀምሮ የሚፈጅበት አንድ ጠዋት እንደ ወትሮው ተሳፈርን። አባቴ ቁልፉን ያዘ፤ ሞተሩ ግን ድምፅ አላሰማም። ማቃሰት እንኳ የለም። ከኋላ ወንበር ሆኜ በትከሻው በኩል አየሁ፤ እጁ ቁልፉ ላይ አለ፣ ቁልፉ ግን አልዞረም።

"እምቢ አለች" አለ አባቴ። "ሂጂ ልጁን ጥሪው።"

እናቴ ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ፊቱን አየችውና መልሳ ዘጋችው። ምን ሆነች ደግሞ ብዬ ጠየቅሁ።

"ብርዱ ነዋ" አለ፣ የግንባሩን ላብ በመሐረቡ እየጠረገ።

ልጁ እየሮጠ መጣ። ዛሬ የልጆቼ አባት ነው፤ እስካሁንም የዚያን ቀን ጥፋት የባትሪው እንደነበረ ነው የሚያምነው። ማታውኑ መጥቶ የባትሪዋን ጫፎች ሲጠርግ አመሸ፤ አባቴም ቆሞ መረቀው። ከዚያ በኋላ መኪናችን አልፎ አልፎ ይበርዳት ጀመር። አባቴና እኔ ስለዚህ ነገር አንድም ቀን ሳንነጋገር እሱ አረፈ። ስለ እሱ ሳስብ ግን መጀመሪያ የሚመጣልኝ ያ ጠዋት ነው። ትከሻ ለትከሻ ሆነን እየገፋን ሳለ፣ እያየን ይሆን ብዬ በኋላው መስኮት ወደ ውስጥ ተመለከትኩ። አባቴ ከፊቱ ያለውን የኋላ ማሳያ መስታወት ወደ ጣሪያው አዙሮታል።