የማማ ጡሜ ላሞችና የኔ ሳጥን

ማክሰኞ ንጋት፣ ሞያሌ

ከሞያሌ የተነሳሁት ማክሰኞ ከንጋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። የምሄደው ኡራን ወደምትባል የከብት አርቢዎች መንደር ነው፤ ጉልበቴ ላይ በሹራብ የጠቀለልኳት የቆርቆሮ ሳጥን አለች። የሠራኋት እኔ ነኝ። ሥራዬ እዚህ በኬንያው ሞያሌ፣ ከእናቴ ሆቴል ሥር ባለች ሱቅ፣ ሬዲዮና ስልክ መጠገን ነው። ከዚያ የተረፈኝን ሰዓት ሰርኪዩት ስነድፍ አጠፋዋለሁ። ሳጥኗ ከጉድጓድ በቧንቧ ወደ ገንዳ የሚገባውን ውሃ ትቆጥርና ራቅ ብለው ከብት ለሚጠብቁ ሰዎች በስልክ መልእክት ትልካለች። ውሃ አለ ካለች ከብቱን ያነሳሉ፤ የለም ካለች ባሉበት ይቆያሉ።

ኡራን የተከልኳት የመጀመሪያዋ ሳጥን ግን በስምንተኛው ቀን ባትሪዋ አለቀ። የመጨረሻ መልእክቷ «ገንዳው ሙሉ ነው» የሚል ነበር። ማማ ጡሜ የሚባሉ የኡራን ሴት እሱን አምነው ላሞቻቸውን ሁለት ቀን ነድተው ሲደርሱ ገንዳው ደርቆ ጠበቃቸው። አንዲት ላም እዚያው ወድቃ ቀረች። የመንደሩ የውሃ ኮሚቴ «አንድ ጊዜ ብቻ ሞክሪ፤ ካልሆነ ሳጥንሽን ይዘሽ ሂጂ» ብሎ ላከብኝ። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ኮሚቴው ሳይሆን የላሟ ነገር ነው።

የአሁኗን ሳጥን ስሠራ መድኃኒቱን አገኘሁ ብዬ ልቤ ሊዘል ደርሶ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። የሳጥኗ አንጎል በሆነው፣ ንድፌን ከላፕቶፕ በምጭንበት ቺፕ ውስጥ ክሎክ የሚባል ምት አለ፤ ሁሉም ክፍል የሚራመደው በሱ ነው። ታዲያ ሥራ የሌለው ክፍልም ምቱ በደረሰው ቁጥር ባትሪ ይበላል። የእናቴ ሆቴል አስተናጋጅ ባዶውን ክፍል ሁሉ በየደቂቃው እያንኳኳ «ምን ልታዘዝ?» ቢል እስከ ማታ እግር አይተርፈውም። የኔም ባትሪ ያለቀው ባዶ ክፍል ሲያንኳኳ ነው! ስለዚህ ለየክፍሉ በር ሠራሁለት፤ ሥራ ሲመጣ ይከፈትና ምቱ ይገባል፣ ሥራው ሲያልቅ ይዘጋል። ሱቄ ውስጥ ስለካው ፍጆታው እንዴት እንደወረደ አይቼ በጩኸት እናቴን ጠራኋት።

«ታዲያ እኔ በባዶ ክፍል መብራት አታብሪ ስልሽ ስንት ዓመቴ?» አለችና ወደ ማድቤቷ ተመለሰች።

በጉዮ ሎሪ

በሎሪው ያሳፈረኝ ጉዮ ነው፤ ዱቄትና ስኳር ጭኖ ወደ ኡራን የሚመላለስ ሎሪ ነጂ። ስድስት መቶ ሺሊንግ ጠየቀኝ፤ ሳጥኗን ሲያይ «ይቺም መንገደኛ ናት፣ ትከፍላለች» ብሎ አሾፈብኝ። አስፋልቱ ላይ እንደ ልባችን ነጎድን። የሶሎሎ ድንጋያማ ኮረብቶች ሲታዩ ወደ ጥርጊያው ገባን፣ ከዚያ በኋላማ መንገዱ እኛን ነው የነዳን። ቀዩ አቧራ በመስኮቱ እየገባ ጥርሴ ላይ ይንኮሻኮሻል፤ ሎሪው በነጠረ ቁጥር ሳጥኗን እንደ ሕፃን አቅፌ አብሬ እነጥራለሁ።

ሶሎሎ ላይ ቻፓቲ የሚሉትን ቂጣ በባቄላ በላን፤ ከነሻዩ መቶ ሃምሳ ሺሊንግ። ጉዮ አፉን ሞልቶ «ማማ ጡሜን ፈርተሻል?» አለኝ።

«አልፈራሁም» አልኩት። ውሸቴን ነው፤ እንዴት አልፈራ?

ኡራን፣ ከሰዓት በኋላ

ከውሃው ቦታ ስንደርስ የተቀበሉን አባ ጃርሶ ናቸው። በቦረና ወግ አባ ሄሬጋ ይባላሉ፤ የማን ከብት በየትኛው ቀን፣ ከማን ቀጥሎ እንደሚጠጣ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። አማርኛውን የለመዱት ድንበር ተሻግረው ከብት ሲሸጡ ነው። ከጎናቸው ማማ ጡሜ ቆመዋል፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ዓይናቸው ከሳጥኗ አይነቀልም።

«ያኛዋ ሞተች፣ ላሜም ሞተች። ይቺስ መቼ ትሞታለች?» አሉኝ።

«ይቺ ትቆያለች፣ ማማ» አልኩ።

ሳጥኗን ቧንቧው ላይ ገጠምኳት። አባ ጃርሶ «እንያት» አሉና ሃያ ጀሪካን በዚያው ቧንቧ አስሞሉ፤ አንድ በሞላ ቁጥር አንድ ጠጠር ያስቀምጣሉ። ጠጠሩ ሃያ ሲሆን ውሃውን በጀሪካን የምትቆጥረውን ሳጥኔን ተመለከትኩ። ሃያ ሦስት ትላለች! ወይ ጉድ! እንደገና አስሞላን፤ አሁን ደግሞ ሃያ ሁለት። ባትሪዋ ደህና ነው፣ ግን የሌለ ውሃ ትቆጥራለች። የሌለ ውሃ ማለት ደግሞ የሞተች ላም ማለት ነው።

«ያችኛዋ ዝም አለች» አሉ ማማ ጡሜ። «ይቺ ደግሞ ትዋሻለች። ውሰጂልኝ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አባ ጃርሶ ግን «ነገ ጠዋት ከብት እናጠጣለን፤ ከዚያ በኋላ ትሄጃለሽ» አሉኝ። አነጋገራቸው እንግዳን ሳያሳፍሩ እንደመሸኘት ነበር።

ረቡዕ ጠዋት

ከብቱ ውሃ ሲጠጣ ማየት ነበረባችሁ! መንጋው ሁሉ ከገንዳው ርቆ ዛፍ ጥላ ሥር ተኝቷል። ተራው ያልደረሰ አይነሳም፣ አይጋፋም፣ ጉልበቱን አይጨርስም። አባ ጃርሶ ገንዳውን በከበበው የእሾህ አጥር በር ላይ ቆመው አንዱን ቡድን ይጠራሉ፤ ያ ጠጥቶ ሲወጣ ሌላውን። እኔም «ይሄ የኔ ሳጥን ነው! ይሄው ራሱ ነው!» እያልኩ ብቻዬን ስስቅ ጉዮ አበደች ብሎ አየኝ።

ጉዮ እጁ ሥራ ሲፈታ አይወድም፤ ላግዝ ብሎ የእሾሁን በር ጎተተው። የመጀመሪያው ቡድን ገና እየወጣ፣ ሁለተኛው እየመጣ ነበር። በሩ በመሃል ሲከፈት አንድ ጥጃና ሁለት ፍየሎች በእግሩ መሃል ሾልከው ገቡ። አባ ጃርሶ የገባውን ከብት በጠጠር ሲቆጥሩ ነበርና ቆጠራው ተበላሸባቸው።

«አንተ!» ብለው ጮኹ። «በር የሚነካው ከብቱ ሲቆም ነው! እየሄደ ከነካኸው ያልጠራኸው ይገባል!»

እኔ ግን ዘለልኩ፤ እውነቴን ነው፣ እንደ ልጅ ዘለልኩ። የኔ በር ምቱ መሃል ላይ እያለ ይከፈታል፤ ያኔ የተቆረጠ ምት ሾልኮ ይገባል። ቆጣሪው ግን ቁራጭ ነው ብሎ አይመልሰውም፣ አንድ ብሎ ይቆጥረዋል። ኮሌጅ ተምሬው ነበር እኮ! በሩ ላይ ላች የምትባል ጠባቂ ትቀመጣለች፤ ክፈት ቢሏትም ምቱ ዝቅ ብሎ እስኪቆም በሩን ይዛ ትቆያለች። ሳጥኗን ቶሎ ለማድረስ ስጣደፍ የዘለልኩት እሷን ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ!

ላፕቶፔን በሎሪው ባትሪ አስነስቼ፣ ለየበሩ ጠባቂዋን ንድፉ ላይ ጨመርኩና አዲሱን ንድፍ ቺፑ ላይ ጫንኩት። አባ ጃርሶ ሃያ ጀሪካን አስሞሉ። ሃያ። እንደገና፤ ሃያ። ለሦስተኛ ጊዜ ማማ ጡሜ ራሳቸው እየቆጠሩ አስሞሉ፤ ሃያ!

«አባ ጃርሶ፣ ያስተካከሏት እርስዎ ነዎት» አልኳቸው።

«እኔ ጉዮን ነው የተቆጣሁት» አሉና ሳቁ።

ማማ ጡሜ ግን አልሳቁም። «ሃያ፣ ሃያ ነው። ስምንት ቀን ትለፍና እናያለን» አሉ።

ሐሙስ፣ ቤት

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሞያሌ ገባሁ፤ ፀጉሬ ቀይ፣ ልብሴ ቀይ። እናቴ በር ላይ አቁማ አራገፈችኝ። አውቄዋለሁ ብዬ ሄጄ ተምሬ ተመለስኩ፤ ኃይል መቆጠብ ማለት በሩን መዝጋት ብቻ መስሎኝ ነበር፣ መቼ እንደሚነካ ማወቁ ግን ይበልጣል። ይህን አባ ጃርሶ ያለ ኮምፒውተር ያውቁታል።

ስምንተኛው ቀን መጣ፤ መልእክት ደረሰኝ። አስረኛው፣ ሃያኛው አለፈ፤ ሳጥኗ በዚያችው ባትሪ አለች። በአንድ ወሯ ማማ ጡሜ ደወሉ።

«ሳጥንሽ ውሃ አለ ትላለች። ላሞቼን አነሳሁ» አሉና ዘጉት።

ሁለት ቀን! ደንበኛ የሰጠኝን ሬዲዮ ፈትቼ መልሼ መግጠሙ ጠፋኝ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስልኬ ጮኸ፤ ማማ ጡሜ ናቸው። ሰላምታም የለ፣ ምንም የለ፤ የሚሰማኝ የውሃ ድምፅ ብቻ ነው። ስልኩን ወደ ገንዳው አዙረውት ኖሯል፤ ላሞቹ ሲጠጡ ሰማሁ።

«ሁሉም ደረሱ፣ ማማ?»

«ሁሉም» አሉ።