ሰላምታ የሌለው መልእክት

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት እዚሁ ጅቡቲ ውስጥ፣ ሙቀቱ ገና ሳይብስ ነው። ሰው መሃል ተቀምጬ ድንገት ትዝ ሲለኝ ብቻዬን እስቃለሁ። ምን እንዳሳቀኝ ሲጠይቁኝ ከመጀመሪያው ካልጀመርኩ ስለማይገባቸው፣ ይኸው ጻፍኩት።

የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። ጅቡቲ የመጣሁት አንድ አነስተኛ የኮምፒውተር ድርጅት ቀጥሮኝ ነው። ሥራዬ ለንግድ ቤቶች የኢሜይል፣ የስልክ መልእክትና የድረ ገጽ ጥበቃ መሸጥ ነው። አጭበርባሪ በአለቃቸው ስም መልእክት እንዳይልክባቸው፣ ማንም ድረ ገጻቸው ውስጥ እየገባ እንዳይፈተፍት የሚከላከል ነገር ማለት ነው።

ለአለቃዬ ለሙሳ በየወሩ የገበያ ፍላጎት ሪፖርት አቀርባለሁ። ሦስት ዓምድ ያለው ሰንጠረዥ ነው። አንደኛው የድርጅቱ ስም፣ ሁለተኛው በምን እንደሚጻጻፉ፣ ሦስተኛው ምን ዓይነት ጥበቃ እንደሚፈልጉ። ሦስተኛው ላይ ከላይ እስከ ታች "የለም" እያልኩ ስሞላ ስምንት ወር ሆነኝ። ዕቃ ከወደብ የሚያስለቅቁት ትራንዚት ቢሮዎች ስሄድ አክብረው ይቀበሉኛል። ቀዝቃዛ ውሃ ይሰጡኛል፣ ነፋስ የሚደርስበት ወንበር ይለቁልኛል፣ ስለ ድሬዳዋ ይጠይቁኛል፤ ከዚያ "እኛ ደግሞ ምን የሚሰረቅ አለን?" ብለው ይሸኙኛል። ከሰዓት በኋላ ጫቱ ከተማ ከገባማ ስለ ኢሜይል የሚሰማኝ ሰው አይገኝም።

ሙሳ ደግ ሰው ነው፣ ግን ነጋዴ ነው። አንድ ቀን አስጠራኝና፣ እስከ ወሩ መጨረሻ አንድ የትራንዚት ቢሮ እንኳ ካልፈረመ የጥበቃ ሽያጭ ክፍሉን እንደሚዘጋው፣ የእኔም ውል እንደማይታደስ ነገረኝ። አማርኛውን ድሬዳዋ ስለተማረ ለስለስ አድርጎ ነው የተናገረው። ቢሆንም መርዶ መርዶ ነው። ያለ ውል የመኖሪያ ፈቃድ የለም። ናጋድ ባቡር ጣቢያ ሄጄ፣ ባቡሩን ተሳፍሬ፣ "ልጄ ጅቡቲ ትልቅ ሥራ ይዛለች" ብላ ለሰፈሩ ሁሉ ያወራችው እናቴ ዘንድ ባዶ እጄን ልገባ ነው።

የቀረኝ ተስፋ እትዬ አስካለ ነበሩ። እትዬ አስካለ በድሮው ባቡር ጣቢያ አካባቢ የትራንዚት ቢሮ አላቸው። አሥራ አንድ የጭነት መኪና ከወደቡ ወደ አዲስ አበባ ያመላልሳሉ። ሦስት ጊዜ ሄጄ ሦስቱንም ጊዜ በፈገግታ መልሰውኛል። ለአራተኛ ጊዜ ሄድኩ።

እኔ ስለ አጭበርባሪዎች ሳብራራ እሳቸው ለሾፌሮቻቸው በድምፅ መልእክት ይልካሉ። ለአንዱ ስለ ልጁ ፈተና፣ ለሌላው ስለ ሚስቱ ምጥ፣ ጋሽ በቀለ ለሚባሉት አንጋፋ ሾፌር ደግሞ ስለ ጉልበታቸው። እንዴት አደርክ፣ ጉልበትህ ተሻለው ወይ፣ ቅባቱን ቀባኸው ወይ፣ እግዚአብሔር ይማርህ። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው ስለ ጭነቱ አንድ ዐረፍተ ነገር የሚናገሩት። እኔ ሰዓቴን እያየሁ እቁነጠነጣለሁ። ይህን ሁሉ ጊዜ በሰላምታ እየፈጁ እንዴት ነው ንግድ የሚሆነው እላለሁ በልቤ።

በመጨረሻ ቸገረኝና የመጣሁበትን እውነት ነገርኳቸው፤ የወሩን መጨረሻም፣ ናጋድንም፣ እናቴንም። ከዚያ አንድ ሐሳብ አቀረብኩ። እሳቸው ከፈቀዱልኝ ሐሰተኛ መልእክት አዘጋጅቼ ሠራተኞቻቸውን ልፈትን። በሙያችን የታወቀ ሙከራ ነው፤ ማንም አይጎዳም፣ ማን እንደሚሸወድ ብቻ ይታያል።

"ሾፌሮቼም፣ የቢሮዬም ሰው፣ ሁሉም ይሞከር" አሉ። "ከሾፌሮቼ አንድ እንኳ ከተሸወደልሽ ወረቀትሽ ላይ እፈርማለሁ። ካልተሸወደ ግን ናጋድ ድረስ በራሴ መኪና እወስድሻለሁ። ብቻ እንዳታስደነግጪያቸው።"

ደስታዬ ወሰን አጣ። ሾፌር እንዴት አይሸወድም? ቀኑን ሙሉ መሪ ይዞ የሚውል ሰው ቁጥር አያጣራም። ቤቴ ሄጄ ውሉን አተምኩ፤ የሚፈረምበትን ቦታ ሳይቀር በእርሳስ ምልክት አደረግሁበት።

እሑድ ጠዋት፣ በጅቡቲ የሳምንቱ ሥራ በሚጀመርበት ቀን፣ ቢሯቸው ተገኘሁ። በመጀመሪያ ለቢሮው አድራሻዎች ሁሉ ኢሜይል ላክሁ። በፈረንሳይኛ የተጻፈ፣ ከታች ክብ ማኅተም ያለበት፣ በሌለ መሥሪያ ቤት ስም የወጣ ነው። ሰነዳችሁ ስለታገደ የይለፍ ቃላችሁን አስገብታችሁ ክፈቱት ይላል። የሚያስገቡት ቃል እኔ ጋ አይደርስም፤ ማን እንዳስገባ ብቻ ነው የሚታየኝ። ቀጥዬ በሌላ ስልክ የእትዬ አስካለን ፎቶ ለጥፌ ለአሥራ አንዱም ሾፌሮች ጻፍኩ፦ "አስካለ ነኝ። ይህ አዲሱ ቁጥሬ ነው። የያዝከውን የጭነት ሰነድ ፎቶ አንስተህ አሁኑኑ ላክልኝ።" አጭር፣ ግልጽ፣ እንደተማርኩት። ደውለው እንዳያረጋግጡ እትዬ አስካለ ስልካቸውን እንዲያጠፉ ለመንኳቸው። አጠፉ። ወደ ጠረጴዛቸው ተመልሰው ኮምፒውተራቸውን መነካካት ጀመሩ፤ እኔም ስልኩን ፊቴ አስቀምጬ ጠበቅሁ።

ሩብ ሰዓት ሆነ፣ ፎቶ የለም። ግማሽ ሰዓት ሆነ፣ የለም። አንድ ሰዓት ሊሞላ ሲል ደረጃው ላይ የሚጎተት እግር ሰማን። በሩ ተከፈተና ጋሽ በቀለ በላብ ተነክረው፣ ጉልበታቸውን ይዘው ገቡ። መኪናቸውን ከከተማው ወጣ ብሎ የጭነት መኪናዎች ከሚቆሙበት ትተው፣ በሚኒባስ ተጋፍተው ባልባላ የሚባለውን ሰፈር አቋርጠው ነው የመጡት። እትዬ አስካለን ከእግር እስከ ራስ አዩዋቸው።

"አስካለ፣ ደህና ነሽ?"

እትዬ አስካለ አፋቸውን ሳይከፍቱ ሌላ ሾፌር ገባ። ከዚያ ሌላ። ከተማው ውስጥ የነበሩት ሰባቱም ተከታትለው መጡ። አንዱ ለበሽተኛ ብሎ ብርቱካን ገዝቷል። አንዱ ከመኪናው ጋቢና የማይለየውን ፀበል በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዟል። ዓብዲ የሚባለው ደግሞ ተምር አምጥቷል። መንገድ ላይ የነበሩት አራቱ ለእነዚህ ደውለው "ሄዳችሁ እዩልን" ብለዋል። ቢሮው ሞላ። ፀበል የያዘው ሰውዬ ርጭ ቢባል ለመርጨት ተዘጋጅቶ ቆሟል።

ምን እንደሰሙ ሲጠየቁ ጋሽ በቀለ ወንበር ስበው ተቀመጡና ስልካቸውን አወጡ።

"ዘጠኝ ዓመት አብረን ስንሠራ ጉልበቴን ሳትጠይቂኝ ስለ ጭነት አንስተሽልኝ አታውቂም" አሉ። "ይህን ሳይ ወይ ታመሻል፣ ወይ ስልክሽ ሌላ እጅ ገብቷል አልኩ። ስደውል ደግሞ ዝግ ነው። ታዲያ ተቀምጬ ፎቶ ልላክ?"

ሌሎቹም ያው ናቸው። የልጁን ፈተና ያልጠየቀ፣ የአራሷን ደህንነት ያልጠየቀ መልእክት እንዴት የእትዬ አስካለ ይሆናል? አንድም ሰው ሰነድ አልላከም።

እትዬ አስካለ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ቀና ብለው ሁሉንም አመሰገኑና ወደ እኔ ጠቆሙ። ሰባት ሾፌር ወደ እኔ ዞረ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። አታስደንግጪያቸው ተብዬ ስንት ሰው አስደንግጫለሁ፤ በዚያ ላይ ተሸንፌያለሁ። ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ዓብዲ ተምሩን አቀረበልኝና "እህቴ፣ ሌባ እንኳ ቢሆን መጀመሪያ ሰላም ይላል" አለኝ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔም ተምሩን እያኘክሁ አብሬ ሳቅሁ፤ ውስጤ ግን ባቡሩ ሲነሳ ይሰማኛል።

በእርሳስ ምልክት ያደረግሁበትን ውል አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ላፕቶፔን ልዘጋ ስል ነው የኢሜይሉ ውጤት ዓይኔ ውስጥ የገባው። በሾፌሮቹ ግርግር ጨርሶ ረስቼው ነበር።

ኢሜይሉ የደረሳቸው የቢሮው ሰዎች አምስት ናቸው። አምስቱም ከፍተውታል። አምስቱም የይለፍ ቃላቸውን አስገብተዋል። ከሁሉ ቀድማ ያስገባችው ሰው ስም ላይ ስደርስ ደግሜ አነበብኩት።

በሰው ፊት እንዴት ልንገራቸው? ጠጋ ብዬ ላፕቶፑን ወደ እሳቸው ብቻ አዞርኩት። እትዬ አስካለ መነጽራቸውን አደረጉ። ከላይ የራሳቸውን ስም አነበቡ። ሙከራ እንዳለ የሚያውቁት፣ ፈቃዱን የሰጡት፣ ስልካቸውን ያጠፉት እሳቸው ናቸው።

"ይሄ ያንቺ ነው እንዴ?" አሉኝ በሹክሹክታ። "ማኅተም አለው እኮ።"

ከዚያ መሳቅ ጀመሩ። ጠረጴዛውን ተደግፈው፣ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ትንፋሽ እስኪያጥራቸው ሳቁ። እኔ የደበቅሁላቸውን ራሳቸው ጮክ ብለው ለሾፌሮቹ አወጁት። ከወደቡ ጋር ዕድሜውን የኖረ ትራንዚተር ፈረንሳይኛና ክብ ማኅተም ባየ ጊዜ እጁ ከአእምሮው እንደሚቀድም፣ ያ ደብዳቤ የእውነት የሌባ ቢሆን ኖሮ የአሥራ አንዱም መኪና ሰነድ በእሳቸው እጅ ተላልፎ ይሰጥ እንደነበር ተናገሩ። ይህን ሲሉ ሳቃቸው ትንሽ ቀዝቀዝ አለ። ጋሽ በቀለ ግን አልለቀቋቸውም።

"ያ ማኅተም ስለ ጤናሽ ጠይቆሽ ነበር?" አሏቸው።

እትዬ አስካለ እጃቸውን ወደ ቦርሳዬ ዘረጉ። ውርርዱ በሾፌሮቹ እንጂ በእሳቸው እንዳልነበር ለማስታወስ ሞከርኩ፤ አልሰሙኝም። ውሉን አውጥተው፣ የእርሳስ ምልክቴን አይተው አንድ ጊዜ ደግመው ሳቁ፣ ከዚያ ለኢሜይሉና ለድረ ገጹ ፈረሙ። የስልክ መልእክት ጥበቃ የሚለውን መስመር ሰረዙት። እሱን ሾፌሮቼ ይሠሩታል አሉ።

ወሬው በዚያው ሳምንት የጭነት መኪናዎቹን መቆሚያ አዳረሰ። ከዚያ ስልኬ መጮህ ጀመረ። ስምንት ወር ውሃ ሰጥተው የሸኙኝ ትራንዚተሮች "ሰላምታ የማታውቀው ልጅ አንቺ ነሽ?" እያሉ ይደውላሉ። ማንም ስለ አጭበርባሪ አይጠይቀኝም። "የእኔ ሾፌሮች እንደ አስካለ ሾፌሮች መሆናቸውን ሞክሪልኝ" ነው የሚሉኝ። ስሞክራቸው ሾፌሮቹ አብዛኛውን ጊዜ ያልፋሉ፤ ቢሮው በማኅተም ይወድቃል፤ ባለቤቱ ይስቅና ይፈርማል። በፍርሃት ስምንት ወር ያልሸጥኩትን በሳቅ ሸጥኩት። የሪፖርቴ ሦስተኛ ዓምድ ላይ "የለም" የሚለው ቃል እያነሰ ሲሄድ ሙሳ ምን አዲስ ዘዴ እንዳገኘሁ ጠየቀኝ። ጋሽ በቀለን አልኩት። አሁን ክፍሉ ሰፍቶ ሦስት ሆነናል።

ለማንም ስጽፍ መጀመሪያ ጤናውን እጠይቃለሁ። መጀመሪያ ላይ እንደ ሥራ ነበር የማደርገው። አሁን ግን መልሱን ሳልሰማ ወደ ጉዳዬ ማለፍ አልችልም። የጋሽ በቀለ ጉልበት ተሽሎታል፣ የዓብዲ ሚስት ወንድ ልጅ ወልዳለች፤ ይህን ሁሉ አውቃለሁ።

ባለፈው ወር እናቴ ልትጠይቀኝ መጣች። ለእትዬ አስካለ ብነግራቸው በማለዳ መኪናቸውን ደጄ ላይ አቆሙ። ናጋድ ድረስ እወስድሻለሁ ብዬሽ አልነበር፣ አሉኝ። ወሰዱኝ። ባቡሩ ገባ፣ እናቴ ወረደች፣ ሁለቱ ተቃቀፉ። ከዚያ ሰላምታው ተጀመረ። ስለ መንገዱ፣ ስለ ድሬዳዋ ሙቀት፣ ስለ ወንድሞቼ፣ ስለ እናቴ ወገብ። ተሳፋሪው ሁሉ ወጥቶ አለቀ፣ የጣቢያው ዘበኛ ሁለት ጊዜ ዞሮ አየን፣ እነሱ አልጨረሱም። እኔ ሻንጣውን ይዤ ቆሜያለሁ። ሰዓቴን አላየሁም።