ቁልፉን የጨበጠች እጅ

ሰውን ከመጠርጠር ይልቅ መታለልን የምትመርጥ ነፍስ በዘመናችን ብርቅ ናት፤ ወይዘሮ ዘርፌ እንዲህ ያለች ነፍስ የተሰጠቻቸው ሴት ናቸው። ይህን ጠባያቸውን ሁልጊዜ በረከት እለው ነበር። በፈረንጆች 2021 ዓ.ም. በሐምሌ ወር ያየሁት ነገር ግን ዛሬም ሳስበው ያስደነግጠኛል።

ወይዘሮ ዘርፌ ወደ አሜሪካ፣ ኦሃዮ ግዛት ወዳለችው ኮሎምበስ ከተማ ከመጡ ጀምሮ አረጋውያንን በመንከባከብ ይኖራሉ። ቤታቸው ኒር ኢስት ሳይድ በሚባለው ሰፈር ነው፤ የሚያገለግሏቸው ፈረንጅ አዛውንት ደግሞ ከከተማዋ ወጣ ብላ ባለችው ደብሊን። አውቶቡስ ቀያይረው ይሄዱና ከመጨረሻው ፌርማታ በኋላ የእግረኛ መንገድ በሌለው አስፋልት ዳር በሣሩ ላይ ይራመዳሉ። ይህን ችለውት ኖረዋል። መኪና ያስፈለጋቸው ልጃቸው ሐምራዊት የመጀመሪያ ልጇን ስትፀንስ ነው። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ሆኖ ከግዛት ግዛት ሲዞር ስለሚሰነብት፣ ሐኪም ቤት የሚያደርሳት አልነበረም።

«ልጄን ምጥ ይዟት አውቶቡስ ስጠብቅ አልገኝም» አሉ።

ያ ዘመን በኮሮናው ሳቢያ አዲስ መኪና ከገበያ የጠፋበት፣ ያገለገለውም እንደ ብርቅ የሚታይበት ነበር። «ላስብበት» ያለ ሰው አስቦ ሳይጨርስ መኪናው ይሸጣል። በዚህ መካከል ከአጥቢያችን ምእመናን አንዱ የሆነው ቢሩክ፣ ሰፋ ያለ መኪና ስላገኘ ብርማ መኪናውን ሊሸጥ መሆኑን ነገራቸው። መኪናዋ ንጹሕ ናት። ከፍጥነት መለኪያው መስታወት ጥግ የቴምብር ያህል ምስለ ፍቁር ወልዳ፣ ይኸውም የእመቤታችን ከልጇ ጋር ያለች ሥዕል፣ ተለጥፋባታለች። ወይዘሮ ዘርፌ ጣታቸውን ሥዕሏ ላይ አሳርፈው ተሳለሙና «በቃ፣ ይቺን ነው የምገዛው» አሉ።

ሐምራዊት ግን «እማዬ፣ ሜካኒክ ሳያያት አይሆንም» አለች።

«የቤተ ክርስቲያን ወንድሜን ላስመርምረው? በምን ዓይኔ አየዋለሁ?»

«እሱን ማን ይመርምር አለ? መኪናዋን ነው!»

ቢሩክም ሰምቶ ሳቀ፤ ቁልፉንም ሰጣቸው። «እትዬ፣ ይውሰዷትና ቼክ ያስደርጓት። ነገ ይመልሱልኛል።»

በማግሥቱ ክሊቭላንድ አቬኑ በሚባለው ጎዳና ወዳለው የያደታ ጋራዥ ወሰዷት። ያደታ በወንጌላውያን የአማርኛ ጸሎት ቤት የሚያገለግል ሰው ነው፤ በእምነት ከእኛ ቢለይም በሥራው የታመነ ነው። ከሥር ገብቶ በባትሪ አያት። «ለበረዶ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው እንኳን ብዙ አልበላትም። ሞተሯም ደህና ነው» አለ። ወይዘሮ ዘርፌ ልጃቸውን «አላልኩሽም?» በሚል ዓይን ተመለከቷት። ያደታ ግን ቁልፉን አዙሮ ሞተሩን ሳያስነሣ ተቀመጠ። አጠፋ። ደግሞ አዞረ።

«ምነው ልጄ?»

«ቁልፍ ሲዞር እነዚህ መብራቶች ሁሉ በርተው ይጠፋሉ፤ የኤርባጓ፣ በግጭት ጊዜ የሚነፋው ከረጢት ምልክት፣ ግን አልታየችኝም። ቦታዋ እዚህ ጋ ነበር፣ ሥዕሏ ያለችበት።» ጣቱን ዘረጋ።

«እጅህን ሰብስብ!»

ያደታ እጁን ወደ ደረቱ መለሰ። «ኧረ አልነካም እትዬ! ጴንጤው ሥዕል ቀደደ ከተባለ ጎማ የሚያስነፋ ደንበኛ እንኳ አይመጣልኝም።»

«እኔ ላንሣት» አለች ሐምራዊት።

«አንቺም አትነኪ፤ ነፍሰ ጡር ነሽ።»

«ምን አገናኘው?»

«ዝም በይ። የኔታ ይጠሩ።»

የአጥቢያው መምህር እኔ ነኝና ተጠርቼ ሄድኩ። «ኃጢአት ይሆንብኛል?» ብለው ጠየቁኝ። «የሥዕል ክብር ወደ ባለቤቷ ያልፋል፤ በክብር ያነሣ ሰው አልደፈረም» ብዬ መለስኩላቸው። ጨርቅ በሞቀ ውኃ አርሼ ጠርዟን ቀስ በቀስ አላቀቅሁ፤ ተሳልሜም በመሐረቤ ጠቀለልኳት።

ከሥሯ በሥዕሏ ልክ የተቆረጠ ጥቁር ናስትሮ ተለጥፏል።

ያደታ ናስትሮውን በጥፍሩ ሲያነሣው ቀይ መብራት ቦግ አለ፤ ሰው ተቀምጦ ከፊቱ ኳስ የመሰለ ክብ ያለበት ምልክት። አልጠፋም። ያደታ የመሪውን እምብርት በአውራ ጣቱ ሲጫነው ክዳኑ ተነቃነቀ። የመኪናዋን ባትሪ ገመድ ፈትቶ ጥቂት ከቆየ በኋላ ክዳኑን አነሣው። ኤርባግ ሊኖርበት በሚገባው ጎድጓዳ ውስጥ የመታጠቢያ ፎጣ ታጥፎ ተጠቅጥቆበታል።

«ይቺ መኪና ተጋጭታለች። ኤርባጓ ፈንድቶ በምትኩ ይህን ጨመሩበት» አለ። ድምፁ ተቀይሮ ነበር።

ሐምራዊት ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ግድግዳውን ተደገፈች። እኔም ክፋት ምን እንደሆነ የማውቅ ይመስለኝ ነበር፤ እንዲህ ያለው ግን በሕሊናዬ አልፎ አያውቅም። የማያውቀን ሰው ቢሆን ኖሮ ናስትሮውን ብቻ ለጥፎ በተወው ነበር። ይህን ያደረገው የሚያውቀን ነው፤ ያቺን ሥዕል እንደምንሳለማት፣ ልጦ የሚያያትም ከመካከላችን እንደማይገኝ የተረዳ ነው።

ወይዘሮ ዘርፌ ፊታቸው አመድ መሰለ። «ቢሩክ» አሉ። መኪናዋን ራሳቸው ሊመልሱ ፈለጉ፤ ያደታ ግን እንዲነዱ አልፈቀደም። ክዳኑን ወደ ቦታው መልሶ፣ ገመዱን አስሮ፣ ራሱ እያዘገመ ነዳት፤ እኛም በእኔ መኪና ተከተልነው። ወይዘሮ ዘርፌ በመንገድ ሁሉ የሚናገሩትን ሲያዘጋጁ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር።

እንደደረስን ቁልፉን ከያደታ ተቀበሉ። የቢሩክ ባለቤት ሀኒ ሁለት ልጆቿን አስከትላ፣ የስጦታ ፌስታል አንጠልጥላ ከቤት ወጣች።

«እትዬ ዘርፌ! እግዚአብሔር ነው የላከልኝ። ትልቁ መኪና ጎማው ተንፍሷል፤ ደብሊን ደግሞ ልደት አለብን። ቁልፉን ይስጡኝ፣ ማታ ይወስዷታል።»

ልጆቹ ሮጠው የኋላውን በር ያዙ። ትንሿ «ማሚ፣ ሌትስ ጎ!» እያለች እጀታውን ትጎትታለች።

ወይዘሮ ዘርፌ ያዘጋጁት ቁጣ በአፋቸው ላይ ደረቀ። ያን ጊዜ ነው የገባቸው፤ እኔም የገባኝ። እያወቀች ልጆቿን የምትጭን እናት የለችም። ቁልፉን በጡጫቸው ውስጥ ጨበጡት።

«አልሰጥም።»

ቢሩክ ከደጅ ብቅ አለ። «ምነው እትዬ፣ ዋጋው ከበደ እንዴ?» ብሎ ሳቀ።

«ልጆቹን ከመኪናዋ አርቅ።»

«የገዛ መኪናዬን ቁልፍ ይከለክሉኛል?»

«እከለክልሃለሁ። ወንድ ከሆንክ ቀማኝ!»

ከእኚህ ዝግ ብለው ከሚናገሩ ሴት አፍ እንዲህ ያለ ቃል ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ያደታ ቢሩክን በክንዱ ይዞ ወሰደው፤ ክዳኑንም ገልጦ አሳየው። ቢሩክ ፎጣውን ጎትቶ አወጣ። አገላብጦ ያየዋል፤ ደግሞ ልጆቹን ያያል። ከዚያ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

«ሥዕሏን አይቼ ነው የገዛኋት» አለ። «ሰውየው የኛው ሰው ነበር፤ አሁን ከኦሃዮ ወጥቷል። ጠዋት ጠዋት ተሳልሜ፣ እነዚህን ጭኜ...»

ወይዘሮ ዘርፌም ሊገዟት የተነሡት በዚያው ምክንያት ነበር።

ሀኒ እንባዋን ጠርጋ ዝግ ባለ ድምፅ ተናገረች። «እኛም ተታልለን ነው። ነገ ሊያያት የሚመጣ ልጅ አለ፣ በዲቪ አዲስ የመጣ፤ እኛ እንዳላወቅን...»

«እሱስ የማን ልጅ ነው?» አሉ ወይዘሮ ዘርፌ።

ሀኒ አንገቷን ደፋች። ቢሩክ ከተቀመጠበት ሳይነሣ ስልኩን አወጣና በፊታችን ለዚያ ወጣት ደወለ፤ የመኪናዋን ጉዳት ምንም ሳይደብቅ ነገረው። ወይዘሮ ዘርፌ ጡጫቸውን የፈቱት ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው። ቢሩክም መኪናዋን ለሚያፈርሱ ሰዎች በብረት ዋጋ ሰጣት።

ወይዘሮ ዘርፌ ያን ዓመት መኪና ሳይገዙ ከረሙ፤ በበረዶም በአውቶቡስ ተመላለሱ። ሐምራዊት በኅዳር ምጥ ሲይዛት ግን ቢሩክ በትልቁ መኪና መጥቶ አደረሳት፤ ወንድ ልጅም በሰላም ተገላገለች። ያን ተንኮል የሠራው ለቢሩክ የሸጠው ሰው ይሁን ከእሱ በፊት የነበረ ሌላ፣ እስከ ዛሬ አልታወቀም። አንድ ቀን በአንድ ጉልላት ሥር አብረን ቆመን ቆርበን ይሆናል እላለሁ።

የምሕረት አምላክ የወይዘሮ ዘርፌን ዕድሜ ያርዝም፤ ሐምራዊትን ከነልጇ፣ መንገደኛ ባሏንም በመውጣት በመግባታቸው ይጠብቅ፤ ቤታቸውንም ሰላም አይለየው። አሜን።