የልጄን ኮከብ ያስቆጠርኩ ጊዜ

እኔ ውሸታም አይደለሁም። በሕይወቴ አስቤበት የዋሸሁት አንዴ ነው፤ እሱንም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ የበረዶው ወቅት ሊገባ ሲል ማግባት እንደምትፈልግ ነገረችኝ። ልጁ እንደሷ እዚሁ ኦስሎ የተወለደ ነው፤ እናቱን በየእሑዱ ቅዳሴ ላይ አገኛታለሁ። ሥራ አለው፣ ሰው ያከብራል፣ እኔ ስገባ ከወንበሩ ይነሳል። የምጠላበት ነገር አልነበረኝም። አባቷ ግን እሷ ገና ባርነሃገ፣ መዋለ ሕፃናት፣ ስትውል ሌላ ትዳር ይዞ በርገን ከተማ ስለሄደ፣ እሺም እምቢም የምለው እኔ ብቻ ነኝ። ብቻዬን መወሰን ደግሞ ያስፈራኛል። እናም እናቶቻችን ሲፈሩ የሚያደርጉትን አደረግሁ፤ ኮከባቸውን ላስቆጥር ተነሳሁ።

ለኮከብ ቆጣሪ የመጠሪያ ስም አይበቃውም። የክርስትና ስም ይፈልጋል፣ የእናትንም ጭምር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የልጁን እናት ጠጋ ብዬ «እስቲ ያንቺንና የልጅሽን የክርስትና ስም ስጪኝ፣ በጸሎት ላስባችሁ» አልኳት። ሴትዮዋ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ አቅፋ ሳመችኝ። ያን ቀን ያፈርኩት እፍረት እስካሁን አልለቀቀኝም። ስሞቹን ግን ገና ከባቡር ሳልወርድ ደብረ ታቦር ላለችው እህቴ ላክሁላት፤ እሷም ሰፈሯ ላሉ መሪጌታ አደረሰችልኝ።

መልሱ የመጣው በሳምንቱ፣ ማዮርስቱን የሚባል ሰፈር የማጸዳው ቢሮ ውስጥ እያለሁ ነው። መሪጌታው የስሞቹን ፊደላት በቁጥር ደምረው፣ በዐሥራ ሁለት ገድፈው፣ በተረፈው ቁጥር ልጄን አሰድ፣ ልጁን አቅራብ ብለዋቸዋል። አሰድ እሳት ነው፣ አቅራብ ውሃ። «አይገጥምም» ትላለች እህቴ በድምፅ መልእክቷ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኸው ነው። መወልወያዬን እንደያዝኩ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ነገሩን በሆዴ ይዤ ዞርኩ። የልጁ ሽማግሌዎች ቅዳሜ ሊመጡ አስበዋል። ልጄ «ይምጡ ልበላቸው?» ስትለኝ «ቆይ እስቲ» እላታለሁ። ልጁ ለእራት ሲመጣም ቀዝቀዝ አልኩበት። ገባው፤ እሷም ገባት። ቤታችን ውስጥ ሳቅ ጠፋ።

ረቡዕ ከሥራ ስመለስ ልጄ የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ በወረቀት ሞልታዋለች። የምትማረው የሳይንስ መምህርነት ነው፤ በማግሥቱ ልምምድ ላይ ተማሪዎች ፊት ቆማ ስለ ከዋክብት ልታስተምር ነው። አንዱ ወረቀት ላይ ነጠብጣቦች በመስመር ተያይዘው አንበሳ ሆነዋል። ከላዩ በእንግሊዝኛ ኮንስተሌሽን የሚል ተጽፏል።

«ምን ማለት ነው?» አልኳት።

«ቃሉ የላቲን ነው። ኮን አንድ ላይ፣ ስቴላ ደግሞ ኮከብ። አንድ ላይ የሆኑ ኮከቦች እንደማለት። እኛ በኖርስክ የኮከብ ሥዕል ነው የምንለው። በአማርኛስ?»

«ኅብረ ከዋክብት።» ይህን ቃል ትምህርት ቤት ከጨረስኩ ወዲህ አንስቼው አላውቅም፤ ከየት እንደመጣልኝ እንጃ።

«ግን ማሚ፣ ድሮ ቃሉ ለሥዕሉ ብቻ አልነበረም። ሰው ሲወለድ ኮከቦቹ እንዴት እንደቆሙ ለማለት ነበር። ዕድሉን ለማወቅ።»

«እንግሊዞቹ?»

«ያ፣ አዎ፣ እንግሊዞቹም።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ለካ እነሱም ያስቆጥሩ ነበር! ትንሽ የልብ ልብ ተሰማኝ። ወረቀቱ ላይ ያለው አንበሳ የኛው አሰድ ነው፤ አጠገቡ ባለው ወረቀት ላይ ያለው ጊንጥ ደግሞ አቅራብ። ልጄ ሳታውቀው የራሷንና የእጮኛዋን ኮከብ ጎን ለጎን አስቀምጣ ታጠናለች።

«ታዲያ ለምን ተዉት?»

«ነይ ላሳይሽ።»

ኦስሎ ላይ በታኅሣሥ ኮከብ ለማየት ማምሸት አያስፈልግም፤ ከሥራ መልስ ይበቃል። ጃኬት ደርበን በረንዳ ወጣን። ከሊንደሩድ የገበያ ማዕከል መብራት ፊቴን አዙራ ወደ አናታችን ጠቆመችኝ። አምስት ኮከቦች፣ ንጉሡ ሠን የሚመስሉ።

«ግሪኮች ይቺን የኢትዮጵያ ንግሥት ናት ብለዋታል» አለችኝ።

«እሷም እዚህ ድረስ ተሰደደች?»

ሳቀች። ከሁለት ሳምንት ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር።

«አንድ ላይ ይመስላሉ አይደል? ናይ፣ አይደሉም። ያኛው ከዚህኛው ብዙ እጥፍ ይርቃል። አይተዋወቁም። እኛ እዚህ ቆመን ስለምናያቸው ነው አንድ ላይ የሚመስሉን።»

ከዚያ ወዲያ አፌን መያዝ አቃተኝ። ማስቆጠሬን፣ በጸሎት ስም መዋሸቴን፣ አሰድና አቅራብን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም።

«ለዚህ ነው የጠላሽው?»

«አልጠላሁትም። ላንቺ ፈርቼ ነው።»

የበረንዳውን ብረት ይዛ ወደ እኔ ዞረች።

«ያንቺና የአባዬስ ተቆጥሮ ነበር?»

«ተቆጥሮ ነበር።»

«እና?»

«ሁለታችንም ነፋስ ነን። የቆጠሩት ሰውዬ እንዲህ የገጠመ አይቼ አላውቅም ብለው አባቴን እንኳን ደስ ያለህ አሉት።»

ልጄ ክንዷን በክንዴ ውስጥ አስገባች። እኔ ለስንት ዓመት የማውቀውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ከራሴ አፍ ሰማሁት።

ብርዱ ሲጠናብን ገባን። ሻይ ጣድኩና ዞር ብዬ ወንበሮቹን ቆጠርኳቸው፤ አራት ናቸው።

«ቅዳሜ የሚመጡት ሽማግሌዎች ስንት ናቸው?» አልኳት። «ወንበር መዋስ ሊኖርብን ነው።»