ቀይ ወይንና የረቡዕ ጥብስ

ማለዳ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ገና ሳይነጋ የቤቴ ደወል ይጮሃል። የእህቴ ልጅ ማህሌት ናት፤ የወይን ጠርሙሶች የያዘ ቦርሳ ታቅፋ ቆማለች። መኪናዋ ጋራዥ ስለገባ የዛሬው ሹፌር እኔ ነኝ። እንቁላል በዳቦዬን ጎርሼ ወጣሁ።

ማህሌት የፈረንሳይ ወይን ለምግብ ቤቶች ታከፋፍላለች። ታከፋፍላለች ማለት እንኳ ይከብዳል፤ እስካሁን አንድም አልሸጠችም። አለቃዋ በዚህ ሳምንት አንድ የሀበሻ ምግብ ቤት ካላስፈረመች ሥራው እንደሚያበቃ ነግሯታል።

«ጋሼ፣ ዛሬ ካልሆነ አለቀልኝ፤ ሲሪየስሊ!»

ረፋድ፣ ኮሎምቢያ ሃይትስ

በአሥራ ስድስተኛው ጎዳና ትራፊኩ አይጣል ነው። ስንደርስ ባለቤቱ፣ ጸጉሩን ያንጨፈረረ ጎልማሳ፣ ወንበር እያወረደ ነበር። ማህሌት ቀዳችለት። ወይኑ ከደቡብ ፈረንሳይ ሲሆን ሦስት ዓይነት የወይን ፍሬ ተቀላቅሎ የተጠመቀ ነው፤ ግሬናሽ ፍሬ ፍሬ የሚለውን ጣዕም፣ ሲራ ቁንዶ በርበሬውን፣ ሙርቬድር ደግሞ ጉልበቱን ይሰጡታል።

እኔ ሹፌር ስለሆንኩ ቀምሼ ተፋሁት፤ መትፋቱ እንዴት እንዳንገበገበኝ! ደረቅ ነው፤ ምላስ ይይዛል። ባለቤቱ ያቀረበልን የበግ ጥብስ ሲከተለው ግን ጮማው ያለሰልሰዋል።

«አሪፍ ነው፤ የኔ ደንበኛ ግን ቢራ ነው የሚለኝ። ሶሪ» አለ ሰውዬው።

ማህሌት ጥብሱን አልነካችውም። እኔ ግን ብልጥ ነኝና አንድ ዘዴ መጣልኝ። ለማህሌት ሳልነግራት ትኩስ ጥብስ አስጠቅልዬ ለቀጣዩ ምግብ ቤት ከወይኑ ጋር ባቀርብስ?

እኩለ ቀን፣ አሌክሳንድሪያ

ድልድዩን ተሻገርን፤ ፓርኪንግ ፍለጋ ሦስቴ ዞርን። የምግብ ቤቱ ባለቤት እትዬ አሰገደች ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀበሉን። እኔም ጥብሱን ጠረጴዛቸው ላይ አድርጌ ክዳኑን ከፈትኩት።

«ምንድነው ይሄ?»

«ጥብስ ነው እትዬ። ከወይኑ ጋር ይቅመሱት ብለን ነው።»

«በረቡዕ?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ! ለእኔ ረቡዕ የቆሻሻ መኪና የሚመጣበት ቀን ነው፤ ጾም መሆኑ ጭራሽ ከአእምሮዬ ጠፍቷል። እንቁላሌም ትዝ አለኝ። ማህሌት አይኗ እንባ አቀረረ።

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት አፌ ላይ ምንም አላደርግም» አሉ እትዬ። «ከዚያም በኋላ ሥጋ የለም። መጠበቅ ከፈለጋችሁ ወንበሩ ይኸው።»

«እንጠብቃለን» አለች ማህሌት ቶሎ ብላ። ጥብሱን መኪና ውስጥ ወስጄ ደበቅኩት። እሷ ወይኑን ፍሪጅ እንዲያስገቡላት ለመነች፤ ትንሽ ቀዝቀዝ ሲል አልኮሉ ረጋ ይላል አለችኝ።

ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ

በያይነቱ ቀረበ። እትዬ ምስር ወጥ ጎረሱና ወይኑን ፉት አሉ።

«ኧረ! ጉሮሮዬን ፈጀው!»

«በርበሬው ነው፤ የአልኮሉን ማቃጠል ያብሰዋል። በአልጫው ይሞክሩት እስቲ» አለች ማህሌት።

በክክ አልጫ ሞከሩት። «ደህና ነው» አሉ፤ ፊታቸው ግን ደህና አይመስልም።

የቀረው የእንጉዳይ ጥብስ ነበር፤ በዘይት፣ በሽንኩርትና በጥብስ ቅጠል የተሠራ። ጎረሱ፤ ፉት አሉ። ደግመው ጎረሱ።

«ወይኑ ውስጥ የጥብስ ቅጠል አለ እንዴ?»

«የለም እትዬ። ግን ወይኑ የሚበቅልበት አገር ዳገቱን የሞላው እንደሱ ያለ ቅጠል ነው። ሽታው ይመሳሰላል።»

እትዬ ብርጭቆውን አሸተቱ። «ቀይ ወይን የሥጋ ነው እያለ በጾም ቀን የሚያዝ ደንበኛ የለኝም። እኔም እንደሱ ነበር የሚመስለኝ። እናንተ በፍስክ ቀን ብትመጡ ኖሮ በሥጋ ቀምሼ እንደ ሌላው ወይን ነው ብዬ እመልሳችሁ ነበር። በይ ስድስት ካርቶን ላኪልኝ፤ በጾም ቀን ከእንጉዳዩ ጋር አቀርበዋለሁ። የት ነው የምፈርመው?»

ማህሌት ልታመሰግን አፏን ስትከፍት እትዬ አንድ ትልቅ የእንጉዳይ ጉርሻ ከተቱበት።

«ስትጠብቂ ውሃ እንኳ አልጠጣሽም። ዝም ብለሽ ዋጪ!»

ልጅቱ ጉንጮቿ ተወጥረው፣ እንባዋ እየወረደ፣ ጭንቅላቷን ብቻ ትነቀንቃለች። እትዬ ሁለተኛውን ጠቅልለው ይጠብቃሉ።